የሐረር ሹመትና ዘመኑ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት የአገረ ገዢ ሹመት የተቈረጠ ዘመን አልነበረውም። ንጉሡ በወደደ ጊዜ ይሾማል፤ በወደደ ጊዜ ይሽራል። ሹሙም የሚኖረው፥ ወታደሩንም የሚያበላው ከተሾመበት አገር ግብርና ቀረጥ ነበር። የመሻሪያውን ቀን የማያውቅ ሰው በእንዲህ ያለ ወንበር ሲቀመጥ እጁ ወዴት እንደሚቸኩል «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት ይመሰክራል። ተረቱን የሚጠቅስ ሁሉ የሹሙን ሆዳምነት ያያል፤ ሆዳም ያደረገው ግን የዘመኑ አለመታወቅ ጭምር ነው።

የሐረር ነገር ከዚህ ልዩ ሆኖ ይገኛል። ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ አሚር ዐብዱላሂን ድል ነሥተው ከተማይቱን በያዙ ጊዜ የአክስታቸውን ልጅ መኰንንን ሾሙባት። ዕድሜያቸው ገና 35 ያህል ነበር። ሕዝቧ እስላም፥ ንግዷ እስከ ዘይላ ወደብ የተዘረጋ የሆነችውን ይህችን አገር መኰንን፥ ኋላም ራስ የተባሉት፥ እስከ ዕለተ ሞታቸው 19 ዓመት ገዟት።

ከዚህም ዘመን ብዙው ከሐረር ውጭ ያለፈ ነው። በ1881 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ ተላኩ፤ በ1888 ዓ.ም. በአምባላጌና በዐድዋ ተዋጉ፤ በ1891 ዓ.ም. ራስ መንገሻን ለማስገበር ወደ ትግራይ ዘመቱ፤ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ንጉሥ ኤድዋርድ ዘውድ መጫን ለንደን ወረዱ። በዚህ ሁሉ ሹመታቸው አልተነካም። ነጋዴውም ባላገሩም የዘንድሮው ገዢ ለከርሞ ይለወጣል ብሎ የሚሠጋበት ምክንያት አልነበረውም። እርግጥ ነው፥ ይህ ገባሩን አላሳረፈውም፤ የነፍጠኛው ቀለብ ያው በትከሻው ላይ ነበር።

በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን በቍልቢ ዐረፉ። ዐፄ ምኒልክ ሐረርን ለታላቁ ልጅ ለደጃዝማች ይልማ ሰጡ፤ የ13 ዓመቱ ተፈሪ በሰላሌ ተሾመ። ይልማም ብዙ ሳይቈዩ ሞቱና ደጃዝማች ባልቻ ተተኩ፤ በ1902 ዓ.ም. ባልቻ ወደ ሲዳሞ ሲመለሱ ደጃዝማች ተፈሪ የአባታቸውን ወንበር ያዙ። አንድ ሰው 19 ዓመት የገዛት አገር በአራት ዓመት ሦስት ገዢ አየች።

በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተፈሪን ከሐረር ሽረው ከፋን ሰጧቸው። ተፈሪ ግን ከአዲስ አበባ አልወጡም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሻሯቸው። በዐዋጅ የተነገረው ምክንያት የሃይማኖት ነገር ነበር፤ ሆኖም ሐረርን የተነጠቁት ሰው በዚያው ቀን ራስና አልጋ ወራሽ ተባሉ። ሐረርንም ለሌላ አልለቀቁም፤ በእንደራሴ ያስገዟት ጀመር፤ ከነገሡም በኋላ በ1926 ዓ.ም. በአባታቸው ስም የጠሩትን ልጃቸውን ልዑል መኰንንን የሐረር መስፍን አደረጉት።