ካልዲን ማን አየው?

ውድ ወጣቶች፣ በሺሺንዳ ቡና ሲፈላ የእረኛውን የካልዲን ታሪክ ያልሰማ ማን አለ? ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲቦርቁ አየና ለመነኮሳት ነገረ ይባላል። «እውነት ነው ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ «በመጽሐፍ ተጽፏል።»

እስቲ ወደ መጽሐፉ እንሂድ። ታሪኩን ከሚታወቁት ጸሐፊዎች ሁሉ ቀድሞ የጻፈው በሮም የሱርስት ቋንቋ ያስተምር የነበረው ማሮናዊው ፋውስቶስ ናይሮን ነው፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1671 ታተመ። በዚያ ጽሑፍ እረኛው ስም የለውም፤ አገሩም የመን እንጂ ካፋ አይደለም። «ካልዲ» የሚለው ስም የተጨመረው በኋላ ነው። ከዚያ አንዱ ከሌላው እየቀዳ መጽሐፉ በዛ። መቶ ቅጂ ግን መቶ ምስክር አይደለም።

የታላቅ ሰው ስምም ብቻውን አይበቃም። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ቡናችንን «አራቢካ»፣ ማለትም የዐረብ፣ ብሎ ሰየመው፤ ቡና ወደ አውሮፓ የገባው በየመን በኩል ነበርና። ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ጫካው ግን ሌላ ይመሰክራል፤ ማንም ያልተከለው ቡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች፣ በእኛው ማንኪራም፣ በዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዲህ ካልዲ ባይኖርም የቡና አገርነታችን አይናወጥም።

ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ቡና ብቻ ብዬ አይደለም። ነገ ኮሌጅ ስትገቡ «መጽሐፍ ቅዱስንስ ለምን ታምናላችሁ?» የሚላችሁ አይጠፋም። «ስለ ተጻፈ» ወይም «ፓስተራችን ስላሉ» ብቻ ካላችሁ፣ ስለ ካልዲ ከሚሰጠው መልስ አልተለየም። ሉቃስ ግን ወንጌሉን ሲጀምር፣ ነገሩ ከዓይን ምስክሮች የተላለፈ መሆኑን፣ እርሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ በጥንቃቄ እንደ ተከታተለው ይነግረናል። የቤርያ ሰዎችም ጳውሎስ ራሱ ሲሰብክላቸው ነገሩ እንደዚያ መሆኑን ለማወቅ በየቀኑ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፤ በዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተነቀፉም።

ስለዚህ መጽሐፍ ስታነሡ ጠይቁ። ማን ጻፈው? ለነገሩ ምን ያህል ቅርብ ነበር? ከማን ሰማ? ከእርሱ ሌላ ምን ይመሰክርለታል? እውነት ጥያቄን አይፈራም፤ እኛም እውነትን በደካማ ምስክር ለመደገፍ አንቸኩል።

ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ካልዲን ማን እንዳየው አያቶቻችሁን ጠይቁ። ከዚያም ሉቃስ ምዕራፍ 1ን አብራችሁ አንብቡ።