«ከስተም» የሚለው ቃልና የመተማ ታሪክ

«ከስተም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በነጠላ ቁጥር ልማድ ማለት ነው፤ በብዙ ቁጥር ሲነገር ግን ቀረጥንና ጉምሩክንም ያመለክታል። ሁለቱን ፍቺዎች የሚያገናኛቸው ታሪክ ነው፤ በጥንት ዘመን ሸቀጥ ሲያልፍ በልማድ ይከፈል የነበረው ገንዘብ በዚያው በልማድ ስም ተጠራ።

አማርኛም ተመሳሳይ ምሳሌ አለው። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጎንደርና የሱዳን ነጋዴዎች በሚገናኙባት በመተማ የሰፈሩት ተክሩሮች ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብሩ ነበር። ይህ ክፍያ የሚጠራበት «ግብር» የሚለው ቃል ሥራን፥ ለመንግሥት የሚከፈለውንና የቤተ መንግሥትን ግብዣ አጠቃሎ ይይዛል።

ስለዚህ መምህሩ ፍቺዎችን ነጣጥሎ ከማስሸምደድ ይልቅ የሚያስተሳስራቸውን ታሪክ ከ«ግብር» ተነሥቶ ሊያስረዳ ይገባል። ያን ጊዜ «ከስተምስ» የሚል ጽሑፍ የሚያነብ የመተማ ተማሪ፥ ስለ ቀረጥ እንጂ ስለ ባህል እንዳልተጻፈ ይረዳል።