ከጋዜጣው ሥር የተገኘው መስኮት

ታክሲ ውስጥ መስኮት ለመክፈት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ገና እጃችሁ መስታወቱን ሳይነካ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ልጄ፣ ዝጋው፤ ብርድ ይመታናል» ይላሉ። ተሳፋሪው በሙሉ ከእሳቸው ጋር ይቆማል። እኔም እንግዲህ በዚህ ምክንያት ለረጅም ጊዜ አንድ ድምዳሜ ይዤ ኖሬያለሁ፦ ሐበሻ ጨለማ ቤት ይወዳል።

ማስረጃዬ ጌጃ ሰፈር የነበረው የአክስቴ የቀበሌ ቤት ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ አምፖል የሚበራበት ቤት ነው። መብራት የጠፋ ቀን (ማለትም ብዙ ቀን) የቤት ሥራዬን የምሠራው ደፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ታዲያ አንድ የፋሲካ ሰሞን ግድግዳው ሊታደስ አሮጌው ጋዜጣ ሲላጥ፣ ከሥሩ የመስኮት እንጨት ብቅ አለ። ከነማጠፊያው! ቤቱ መስኮት ነበረው። ከጀርባው የጎረቤት ማድ ቤት ግድግዳ ተደግፎበት ነው እንጂ።

ማን ዘጋው? መቼ? ነገሩ ከቤት እድሳት ወጥቶ ታሪክ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ከሥሩ እንጀምር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር አብዛኛው ሕዝቧ የሚኖረው በክብ ጎጆ ነበር፤ የጎጆ መስኮቱ በሩ ነው። ኋላ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ ሲመጡ ቤቱ ማዕዘን አወጣ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ እንደ መስታወት ያለውን በቀላሉ የሚሰበር ዕቃ ከወደብ ማምጣት ቀለለ። የሕንድና የአርመን ግንበኞች ለመኳንንቱና ለነጋዴው በመስታወት የታጠሩ በረንዳዎች ሠሩ። ተራው ሰውም በአቅሙ ኮረጀ። የጭቃ ቤት ጣሪያውን የሚሸከሙት ምሰሶዎቹ ናቸው፤ ስለዚህ በሁለት ምሰሶ መሃል ማገሩን ቆርጦ መስኮት ማውጣት ከባድ ሥራ አልነበረም። ከጭቃ ስለተሠራ ጨለመ ማለት አይቻልም።

የጨለመው በወረቀት ነው ብል አጋነንክ ትሉኝ ይሆናል። ግን ስሙኝ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች ለቀበሌ ሄዱ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ልደታን ጨምሮ በመሃል ከተማ ብዙ ድሃ ቤተሰብ ሳይፈናቀል የኖረው በዚያ ኪራይ ነው። ነገር ግን በዚያ ኪራይ ቤት ማደስ አይቻልም። ባለቤቱ ሄዷል፣ ቀበሌው ገንዘብ የለውም፣ ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ምስማር ለመምታት እንኳን ይፈራል።

ቤተሰብ ግን አዋጅ አይጠብቅም፤ ይወልዳል። ልጅ አደገ፣ ቆጥ ተሠራ። ልጅ አገባ፣ ግቢው ላይ አንዲት ክፍል ተቀጠለች። ማድ ቤት ተጨመረ። እያንዳንዷ ቅጥያ የአንድ ሰው መስኮት ላይ አረፈች። ተጎጂውም ዝም አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት እሱም በተራው ሊቀጥል ነዋ! አክስቴ አንድ ጊዜ በሌላኛው ግድግዳ መስኮት ላውጣ ብላ ማመልከቻ አስገብታ ነበር። ሁለት ዓመት ተመላለሰች። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ጠፋ ተባለ።

ታዲያ ሰዉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ግድግዳው ኖራ ይቀባል። ኖራ ሲያልቅ ጋዜጣ ይለጠፋል፤ የነጣ ወረቀት ከጭቃ የተሻለ ብርሃን ይመልሳልና። ኮርኒሱ ነጭ አቡጀዲ ይሆናል። ብር ያገኘ ከጣሪያው አንዷን ቆርቆሮ አንስቶ ብርሃን የሚያስገባ ፋይበር ይተካባታል። የልደታ እናቶች ደፍ ላይ ተሰብስበው ምስር ሲለቅሙ «ሐሜት» እያልን የምናሾፍባቸው ነገር አለ አይደል? ጓዳ ውስጥ ሆኖ ጠጠርና ምስር ለይቶ ማየት አይቻልም ነበር፣ ወዳጄ።

ከ2000 ዓ.ም ወዲህ በነበሩት ዓመታት የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ የልደታ ኮንዶሚኒየም ተተከለ። በ1996 ዓ.ም ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው ፕሮግራም እኛ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው። መስኮት በመስኮት ሆንን! ችግሩ ሕንፃዎቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ የሚዞሩትም ቦታው በፈቀደው አቅጣጫ እንጂ ፀሐይ በምትለው አይደለም።

ፀሐይ ደግሞ የምትለው አላት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ብርዱ በሚጠነክርበት በታኅሣሥ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ታጋድላለች። በሰኔ በተቃራኒው 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ ያኔ ግን ደመናው ይጋርዳታል። ስለዚህ ደቡብ የሚያይ ሳሎን ሙቀት በሚፈለግበት ወር ነፃ ማሞቂያ አለው። ምዕራብ የሚያይ መኝታ ቤት የደረሰው ግን ከሰዓት በኋላ መጋረጃ ዘግቶ ይላባል። በጋራ መተላለፊያው በኩል መስኮት የደረሰው ደግሞ አላፊ አግዳሚ እንዳያየው ጋርዶ እንደገና አምፖል ያበራል። ዕጣ ሲወጣ የፎቁን ቁጥር እንጂ አቅጣጫውን የጠየቀ ሰው አላየሁም።

አሁን ደግሞ ጥላው ከሩቅ መጣ። በ2014 ዓ.ም የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቁመቱ 209 ሜትር ነው። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ጥላው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ እኛ ይዘረጋል። (በሒሳብ ነው ያሰላሁት፣ በሜትር አልለካሁም።) በመስታወት የተሸፈኑት የሰንጋ ተራ ፎቆች ውስጥ ደግሞ ስንት ቢሮ ገብቻለሁ፤ መጋረጃው ወርዶ በጠራራ ፀሐይ መብራት ይበራል።

አክስቴ ዕድለኛ ናት፤ የደረሳት በረንዳ ደቡብ ያያል። ባለፈው ታኅሣሥ ልጠይቃት ስሄድ ሶፋውን ወደ በረንዳው አዙራ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ብርድ ይመታሻል፣ ልዝጋው?» አልኳት ላሾፍባት ፈልጌ።

«ፀሐይዋ እስክትዞር ተወው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሳ።