የቫልቭ ድምፅና የቆርቆሮ ቤት ሙቀት

ከሐዋሳ በስተደቡብ በቱላ የሚኖር ሰው፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ተቀምጦ ሸክላ ለመስማት ቢሻ፣ በሞቀ ቤት ሌላ ምድጃ ለምን ይለኮሳል የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። የቫልቭ አምፕሊፋየር በእርግጥም ምድጃ ነው። በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ካቶድ ኤሌክትሮኖችን እንዲለቅ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መጋል ይኖርበታል።

ፍሌሚንግ ባለሁለት ኤሌክትሮዱን ቫልቭ በ1904፣ ደ ፎረስት ሦስተኛውን ኤሌክትሮድ በ1906 አስገኙ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በ1935 ሲመረቅ የማጉላቱን ሥራ የሚሠራው ይኸው ቫልቭ ነበር። የመብራት መስመር ላልደረሰባቸው ቦታዎች በዓለም ገበያ የቀረበው ራዲዮ ሁለት ዓይነት ባትሪ ይፈልግ ነበር፤ ለክሩ ማጋያ 1.4 ቮልት፣ ለአኖዱ ደግሞ 90 ቮልት። በ1947 የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ይህን ሁሉ ሸክም አቃለለ። የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በ1963 ከአዲስ አበባ ሥርጭቱን ሲጀምር ትራንዚስተር ራዲዮ በዓለም ገበያ ተስፋፍቶ ነበር። ቫልቩ ግን ገና ከሳሎን አልወጣም። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬኮርድስን አቋቁሞ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች በህንድ ሲያሳትም፣ ከገዢዎቹ መካከል በቫልቭ ራዲዮግራም የሚያዳምጡ እንደነበሩ አያጠራጥርም።

ከእነዚያ ራዲዮግራሞች አንዱ በአባቴ ቤት ነበር። እናቴ በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አልብሰው፣ አቧራ እንዳይገባበት ጀርባውን ከግድግዳ አስጠግተው አኖሩት። ድምፁ እየጎረነነ ሄዶ አንድ ምሽት የተቃጠለ ሰም ሸተተንና ዝም አለ። ጠጋኙ ጥፋቱን በኃይል ሰጪው ቫልቭ ላይ አሳበበ፤ አባቴም አዲስ ገዙ፤ ተቃጠለ፤ ደግሞም ገዙ። በዚያን ጊዜ ለአንድ ደመወዝተኛ ይህ ቀላል ወጪ አልነበረም። ሦስተኛው ሲቃጠል ራዲዮግራሙ የሰሐን ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ከፍቼ ባየሁት ጊዜ ቫልቩ የተከሰሰው በሐሰት መሆኑን ተረዳሁ። ፊሊፕስ በ1953 ያወጣው ኢ.ኤል. 84 የተባለው ቫልቭ መስተዋቱ እስከ 200 ዲግሪ ቢግል አይጎዳም፤ የክፍሉ ሙቀት ከ20 ወደ 30 ቢወጣ ለእርሱ ኢምንት ነው። የሚጎዱት ጎረቤቶቹ ናቸው። የኤሌክትሮሊቲክ ኮንደንሰር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ያህል ያጥራል። በሰም የተነከረው የወረቀት ኮንደንሰር ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ኤሌክትሪክ ማሾለክ ይጀምራል፤ የቀደመው ደረጃ ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ኃይል ሰጪው ቫልቭ ግሪድ ይደርሳል፤ በዚህም የአኖዱ ጅረት ከልክ አልፎ ብረቱ ይቀላል፤ ቫልቩ ይሞታል፤ ትራንስፎርመሩም ይከተለዋል። በአባቴ ራዲዮግራም ውስጥ ሲያሾልክ ያገኘሁት ኮንደንሰር ዋጋው ከቫልቩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ይህን ስነግራቸው አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

አራት ኢ.ኤል. 84 ያለው የስቴሪዮ አምፕሊፋየር ለክሮቹ ብቻ 19 ዋት ይወስዳል፤ እያንዳንዱ አኖድ እስከ 12 ዋት ሲጨመርበት ድምሩ ከ60 ያልፋል፤ ትራንስፎርመሩና ትናንሾቹ ቫልቮች የሚወስዱት ገና አልተቆጠረም። በዕረፍት ላይ ያለ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ስለሚሰጥ፣ መሣሪያውን ማብራት አንድ ተጨማሪ እንግዳ ከመቀበል ብዙም አይለይም። የአካባቢያችን ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ በመሆኑ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ሙቀትን የመውሰድ ኃይሉም ይቀንሳል። ስለዚህ ቱላ እንደ ድሬዳዋ ባትሞቅም ከመሣሪያው ጀርባና በላይ ሰፊ ክፍተት መተው ግዴታ ነው። በዝግታ የሚዞር ትንሽ ማራገቢያም ይረዳል።

ከሙቀቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የመስመሩ ቮልቴጅ ነው። በ220 የተስተካከለ መሣሪያ 240 ሲደርሰው የክሩ 6.3 ቮልት ወደ 6.9 ይጠጋል፤ የአኖዱም ቮልቴጅ አብሮ ይወጣል። ከማብራቴ በፊት የምለካውም ስለዚህ ነው። ከኋላ 240 የሚል ምልክት ያለው መምረጫ ካለ ወደዚያ ማዞር ይበጃል።

ይህ ሁሉ ድካም ለድምፁ ይገባዋልን? በመለኪያ ከሄድን ተራ የዛሬ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ከአሮጌው ራዲዮግራም ያነሰ መዛባት ያሳያል። ነገር ግን ነጠላ ቫልቭ የሚያመጣው መዛባት በአብዛኛው ሁለተኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም የዚያው ድምፅ ኦክታቭ ስለሆነ ጆሮ ይታገሠዋል፤ እንዲያውም ይወደዋል። ለቫልቩ ከሚሰጠው ምስጋና እኩሌታው ለትልቁ የእንጨት ሣጥንና ለወረቀቱ ስፒከር የሚገባ ይመስለኛል፤ ይህን ብል የሚቀየሙኝ ወዳጆች አሉኝ።

ራዲዮግራሙ ኮንደንሰሮቹ ተለውጠውለት ዛሬ በእኔ ቤት ይሠራል። የምከፍተው ፀሐይ ከጠለቀችና ቆርቆሮው ከበረደ በኋላ ነው። ከአንድ ዋት የማያልፍ ድምፅ ለክፍሉ ይበቃል። እናቴም ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ ዳንቴሉን ከላዩ አንሥተው፣ ሙቀት በማያወጣው በሁለተኛው ስፒከር ሣጥን ላይ አነጠፉት።