የብሌየር ማግኔት ለምን ተቋቋመ?

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው ሞንትጎመሪ ብሌየር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስሙ የገነነው በሒሳብ፣ በሳይንስና በኮምፒውተር ማግኔት ፕሮግራሙ፣ ማለትም ከየአካባቢው ተማሪ መርጦ በሚያስተምርበት ልዩ ፕሮግራሙ ነው። ማግኔት ሲባል የብዙ ወላጅ ሐሳብ፣ የእኛን አገር ሰው ጨምሮ፣ ወደ ፈተና፣ ወደ ውድድርና ወደ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዳል። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲከፈት ግን የተጣለበት አደራ ሌላ ነበር፤ ነጭ ቤተሰቦች እየራቁት የመጣውን የሰፈር ትምህርት ቤት የተለያየ ዘር ልጆች አብረው የሚማሩበት አድርጎ ማቆየት። ስለዚህ ስኬቱ መለካት ያለበት በዋንጫ ብዛት ብቻ ሳይሆን በዚህ አደራ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ትምህርት ቤቱ በ1925 ተከፍቶ በ1935 ወደ ዌይን ጎዳና ሲዛወር የሞንትጎመሪ ብሌየርን ስም ያዘ። ብሌየር የፕሬዚዳንት ሊንከን የፖስታ ሚኒስትር፣ ከዚያም በፊት ነፃነቱን በፍርድ ቤት ለጠየቀው ለድሬድ ስኮት የተሟገተ ጠበቃ ነበር። በእርሱ ስም የተጠራው ትምህርት ቤት ግን ነጮችን ብቻ ይቀበል ነበር። ከ1927 በፊት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ለጥቁር ልጆች አንድም የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ መማር የፈለገ ወደ ሮክቪል መጓዝ ነበረበት። ሰፈሩም ቢሆን እንዲሁ በዘፈቀደ ነጭ አልሆነም። ከብሌየር ቤተሰብ የሚወለደው ኢ. ብሩክ ሊ በሸነሸናቸው የሲልቨር ስፕሪንግ መንደሮች፣ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥና እንዳይከራይ በውሉ ላይ ይጻፍ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ዘርን መሠረት ያደረገ የትምህርት ቤት ክፍፍልን ከሻረ በኋላ ካውንቲው በ1955 ማቀላቀል ጀመረ። በሮክቪል የነበረው ካርቨር የተባለው የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1960 ተዘጋና ሕንፃው ለአሥርት ዓመታት የካውንቲው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሆነ። የማግኔት ፕሮግራሞቹ የታቀዱትም ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚሁ ሕንፃ ሳለ ነው።

በጎረቤት ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በ1973 ተማሪዎች በአውቶቡስ እየተጓጓዙ መቀላቀል ጀመሩ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን ሌላ መንገድ መረጠ፤ ማንንም ሳያስገድድ፣ ወላጅ ወዶ ልጁን የሚልክበት ጥሩ ትምህርት ማቅረብን። ለዚህም ከየአካባቢው በየዓመቱ 100 ያህል ተማሪዎች እየተመረጡ ብሌየር እንዲገቡ ተደረገ። የአንዱን ተማሪ ውሎ ቀረብ ብሎ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሒሳቡን፣ ፊዚክሱንና ኮምፒውተሩን የሚማረው እንደ እርሱ ተመርጠው ከገቡት ጋር ነው፤ ከሰፈሩ ልጅ ጋር የሚገናኘው በቋንቋ፣ በሥነ ጥበብና በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ ወይም በምሳ ሰዓት ነው። ሕንፃው ተቀላቀለ፤ ፕሮግራሙ የሚኮራባቸው ክፍሎች ግን በአብዛኛው አልተቀላቀሉም።

ማግኔቱ ባይኖር ልጆቻቸውን ከሌላ ሰፈር የሚልኩት ቤተሰቦች ጭራሽ አይመጡም ነበር የሚል መልስ ይሰጣል። እውነት አለው። ጎበዝ መምህራን፣ የተሟላ ቤተ ሙከራና ብርቱ የተማሪዎች ጋዜጣ ለሁሉም ይተርፋሉ፤ ከነጭራሹ ባዶ ከመቅረትም ይሻላል። ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፤ ተሰጥኦ ያለው ልጅ በችሎታው ብቻ ይመረጥ፣ ሰው ማቀላቀል የትምህርት ቤት ሥራ አይደለም ይላል። እንዲህ ከሆነ ፕሮግራሙ ለምን ብሌየር ላይ ተተከለ? ችሎታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከካውንቲው የትኛውም ጥግ ይበቃ ነበር። ቦታው የተመረጠው ለሰፈሩ ተብሎ ስለሆነ ለሰፈሩ ዕዳ አለበት። በ1999 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ካውንቲው በዘሩ ምክንያት የአንድን ተማሪ የዝውውር ጥያቄ መከልከሉን ሕገ ወጥ አለው። ከዚያ ወዲህ ማቀላቀያው መሣሪያ ዶለዶመ፤ መምረጫው ግን እንደተሳለ ቀረ። ካውንቲው ራሱ ያስጠናውና በ2016 የወጣው ጥናትም በእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ውስጥ የጥቁርና የላቲኖ ተማሪዎች ድርሻ ከቁጥራቸው ያነሰ መሆኑን አረጋገጠ።

ብሌየር በ1998 ወደ ፎር ኮርነርስ ከተዛወረ በኋላ ወደ 3,000 ገደማ ተማሪ የሚይዝ ግዙፍ ትምህርት ቤት ሆኗል። የሳይንስ ማግኔቱ ልጆች ከአራቱ ክፍሎች ተደምረው 400 ያህል ናቸው። ካውንቲው ለወላጆች የሚልካቸውን ማስታወቂያዎች በአማርኛም ያወጣል። እንግዲህ በዚያ የምትኖሩ የእኛ አገር ወላጆች፣ ልጄ ማግኔት ይገባል ወይ ብላችሁ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ያልተመረጠው የሰፈር ልጅ እነዚያን መምህራንና እነዚያን ቤተ ሙከራዎች በየትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሚያገኝ በወላጆች ስብሰባ ላይ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።