መስኮቱን ማን ይክፈተው? ሙቀት፣ አየርና የመስታወት ቤት ታሪክ

ኢንተርኔት ላይ ቤታቸው ውስጥ አትክልት የሚያበቅሉ ሰዎችን ያየ ሰው ያቺን ጥቁር ድንኳን ሳያውቃት አይቀርም። ቁም ሳጥን የምታክል፣ ውጪዋ ጥቁር ጨርቅ፣ ውስጧ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ በዚፕ የምትዘጋ። ከላይ መብራት ይንጠለጠልባታል፣ ከታች ቃሪያው፣ ቲማቲሙና በሶብላው ይደረደርባታል። በረንዳ የሌለው፣ ፀሐይ ብርቅ በሆነበት አገር የሚኖር ሰው የጓሮ አምሮቱን የሚወጣባት ነገር ናት።

የጀማሪው ስህተት ደግሞ የትም አገር አንድ ነው። ገንዘቡን ሙልጭ አድርጎ መብራቱ ላይ ያፈስሳል። ቬንትሌተሩን «ቀስ ተብሎ ይደረስበታል» ብሎ ይተወዋል። ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ግንዱ ይሰልላል፣ አፈሩ ላይ ሻጋታ ብቅ ይላል። ያኔ ምን ያደርጋል? ውሃ ይጨምራል። ባሰ!

በዚህ ጀማሪ ከመሳቃችን በፊት ግን ታሪክ እናገላብጥ። የሰው ልጅ ተክልን ጣሪያ ስር ማኖር ከጀመረ 2000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ያሳለፈው «ሙቀቱን እንዴት ላስገባ?» እያለ ነው። «አየሩንስ ማን ያስወጣልኝ?» ብሎ አጥብቆ መጠየቅ የጀመረው ገና ትናንት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የቄሣሩ ኪያር

ነገሩ የሚጀምረው ከሆድ ነው። ከ14 እስከ 37 ዓ.ም. ሮምን የገዛው ጢባርዮስ ቄሣር የኪያር ዘመድ የሆነ ፍሬ በየቀኑ ካልቀረበለት አይሆንለትም ነበር። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚተርከው አትክልተኞቹ ለዚህ የማይናቅ ዘዴ ፈጠሩ። መደቡን መንኮራኩር ላይ ሠሩት። ፀሐይ ሲወጣ እየገፉ ወደ ውጪ፣ ሲበርድ ደግሞ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ድንጋይ ወደተሸፈነ መጠለያ። ልብ በሉ፣ ቤቱ ለተክሉ አየር አልቀየረለትም። ተክሉ ራሱ በጋሪ ተጭኖ አየር ሊቀበል ይወጣ ነበር።

ከዚያ ወደ ኮሪያ እንሻገር። በ1450ዎቹ አካባቢ የቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው ጆን ሱን-ኡይ ስለ ምግብና ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በክረምት አትክልት የሚበቅልበትን ቤት አሠራር አስፍሯል። ወለሉ ከስር በእሳት ይሞቃል፣ መስኮቱ ዘይት የጠጣ ወረቀት ነው፣ ጎን ላይ የተጣደ ድስት ደግሞ ቤቱ ውስጥ እንፋሎት ይለቅቃል። እነዚህ ሰዎች ሙቀት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ደረቅ ሙቀት ቅጠል እንደሚያቃጥል ገብቷቸዋል። ይህ መጽሐፍ እስከ 2001 ድረስ ተረስቶ ስለነበር አውሮፓ ሁሉንም ነገር ከዜሮ ጀምራ በራሷ ወጪ ተማረችው።

የታፈነው እሳት

የአውሮፓ ባለጸጎች ብርቱካንና ሎሚ ማሳደግ ሲያምራቸው ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር። ዛፉን በገንዳ ተክለው በክረምት አዳራሽ ውስጥ ያስገቡታል፣ መስኮቱን ይከረችማሉ፣ መሐል ላይ የከሰል ምድጃ ያነድዳሉ። ውጤቱን ከሰል ለኩሶ በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው ዘመዶች ይንገሯችሁ።

መጀመሪያ «ኧረ ይህ ነገር አይሆንም» ካሉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ኤቭሊን ነው። ኤቭሊን ስለ ለንደን ጭስ በ1661 መጽሐፍ ያሳተመ፣ አፍንጫው የማይታለል ሰው ነበር። በ1685 ቼልሲ (ክለቡ ሳይሆን ሰፈሩ) የሚገኘውን የመድኃኒት ዕፅዋት ስፍራ ጎብኝቶ ምድጃው ከቤቱ ስር እንዲቀበር መደረጉን አየና ተደነቀ። በ1691 ደግሞ የራሱን ንድፍ ይዞ ብቅ አለ። ምድጃው ከቤቱ ውጪ ይሆናል። ንጹሕ አየር በእሳቱ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ እየሞቀ ወደ ቤቱ ይገባል። በሌላው ጫፍ ወለሉ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ያረጀው አየር በዚያ በኩል ወደ ምድጃው ይሳባል። እሳቱ ራሱ ለመንደድ አየር ስለሚፈልግ የቤቱን አሮጌ አየር ይጎትትለታል ማለት ነው። ኦክስጅን የተባለ ነገር ሊታወቅ ገና 80 ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው ይህ ሁሉ!

ግን ሐሳቡ ቶሎ አልተስፋፋም። ለምን ቢሉ፣ ሙቀት ገንዘብ ነው። ከሰል የተገዛበትን ሙቀት በመስኮት ማስወጣት ብርን በመስኮት እንደመበተን ነው። እኛም ብንሆን ሚኒባስ ውስጥ 15 ሰው ታፍጎ «ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል!» የምንል ሰዎች ነንና አንፈርድባቸውም።

ያላበው ሱፍ

ምስጢሩን በቁጥር የፈታው አንድ ቄስ ነው። ስቲቨን ሄይልስ ይባላል። በ1727 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ የሱፍ ተክል በቀን ምን ያህል ውሃ በቅጠሉ እንደሚያስወጣ እየመዘነ አሳየ። ስሌቱ እንደሚለው የሱፍ ተክሉ፣ መጠንን በመጠን ስናነጻጽር፣ ከሰው 17 እጥፍ ያልበዋል።

ይህን ስንረዳ የዛሬዋ ድንኳን ጣጣም ይገባናል። ቅጠል የሚቀዘቅዘው እንደኛው በላቡ ነው። አየሩ ከቆመ ግን የወጣው እርጥበት ቅጠሉ ዙሪያ እንደ ብርድ ልብስ ይጠመጠማል። ላቡ አይተንም፣ ውሃ ከሥር ወደ ላይ መሳቡ ይቀንሳል፣ ቅጠሉ ምግብ የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድም አጠገቡ ያለው አልቆ ሌላ አይተካለትም። ወበቅ የሚባለው ይህ ነው። እንዲህ ላለው ተክል ውሃ መጨመር ያላበውን ሰው ብርድ ልብስ ደርቦ ውሃ ጠጣ እንደማለት ነው።

ሄይልስ ግን በዚህ አላበቃም። ተክል አየር ካስፈለገው ሰውስ? በ1740ዎቹ መጀመሪያ በታፈነ ቦታ አየር የሚቀይር ትልቅ ወናፍ ሠርቶ ለመርከቦችና ለሆስፒታሎች አስተዋወቀ። በ1752 በለንደኑ የኒውጌት እስር ቤት ጣሪያ ላይ በነፋስ የሚዞር ማሽን ተተክሎ የእስረኞቹን ክፍል አየር ይስብ ጀመር። ተክል የመዘነው ቄስ እጁን ለእስረኛ ዘረጋ። ይህችን ነገር ያዟት፣ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

የእኛው ቡና በሰው ቤት

በዚያው ዘመን አውሮፓ የመስታወት ቤት ውስጥ አንድ የአገራችን ልጅ በእንግድነት ይኖር ነበር። ቡና! ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ጃቫ፣ ከጃቫ ደግሞ በ1706 አምስተርዳም የዕፅዋት ስፍራ ደረሰ። በ1714 የአምስተርዳም ሹማምንት የዚያን ተክል ልጅ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በስጦታ ላኩ። ቡና ደግሞ ውርጭ የማይችል ፍጡር ነው። የአንድ ሌሊት እሳት ቢጠፋ አለቀለት። ስለዚህ ሌሊቱን የሚያነቅፉ፣ ከሰል የሚጨምሩ፣ ስማቸው ያልተጻፈ ሠራተኞች ነበሩ ቡናን በሕይወት ያቆዩት።

ከፓሪሱ ዘር አንዷን ችግኝ ገብርኤል ደ ክሊዩ የተባለ መኮንን በ1720ዎቹ በመርከብ ወደ ማርቲኒክ ወሰዳት። ያኖራት በመስታወት ሣጥን ነው፣ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ግሪንሃውስ በሉት። ራሱ እንደጻፈው በመንገድ ላይ ውሃ ሲያጥር የድርሻውን ከእሷ ጋር ተካፍሏል። ሆላንዶቹም በበኩላቸው ወደ ሱሪናም አሻገሩ። የላቲን አሜሪካ አረቢካ ቡና አብዛኛው የእነዚህ ጥቂት እንግዶች ልጅ ነው። ጠባብ በር ያለፈ ዘር ጠባብ ይሆናልና የዚያ ቡና ዝርያ ስብጥር አነስተኛ ነው፣ በሽታ ሲመጣ ይቸገራል። ሰፊው ሀብት ዛሬም እዚሁ እኛ ጫካ ውስጥ ነው።

በ1753 ሊኒየስ የተባለው ስዊድናዊ ለዚህ ተክል ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «አረቢካ» አለው። ይሁን፣ ይቅር ብለነዋል። ምክንያቱም ሌላ ውለታ አለው። ሴልሲየስ መጀመሪያ የሠራው የሙቀት መለኪያ ውሃ የሚፈላበትን 0፣ የሚረጋበትን 100 ይል ነበር። ተገልብጦ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ይዞ ከታተመባቸው ቀዳሚ ጽሑፎች አንዱ በ1745 ከሊኒየስ እጅ የወጣው የኡፕሳላ የዕፅዋት ስፍራ መግለጫ ነው። የሚያወራውም ስለ መስታወት ቤት ነው። ፀሐይዋ ብቻዋን ቤቱን እስከ 30 ዲግሪ ታደርሰዋለች፣ ጠንቃቃ አትክልተኛ ግን ከ20 እስከ 25 እንዳያልፍ ይጠብቃል፣ በክረምት ከ15 እንዲወርድም አይፈቅድም ይላል። እነሆ የዛሬዋ ድንኳን መመሪያ፣ ከ280 ዓመት በፊት!

ከከሰል ወደ ቬንትሌተር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ገነነ። ጆሴፍ ፓክስተን የተባለ የገበሬ ልጅ ቻትስወርዝ በተባለ የመኳንንት ርስት ላይ በ1836 የጀመረው የመስታወት ቤት ርዝመቱ 84 ሜትር ነበር። 8 ቦይለር፣ 11 ኪሎ ሜትር የሚሆን የሙቅ ውሃ ቱቦ። ንግሥት ቪክቶሪያ በሠረገላ ውስጡን አቋርጣለች። ሕይወቱ ግን ከከሰል ጋር የተሳሰረ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሰል ሲጠፋ ተክሎቹ አለቁ፣ በ1920ም ቤቱ በፈንጂ ተነሳ።

የፓክስተን ትልቁ ትምህርት ግን በሌላው ሥራው ላይ ነው። በ1851 ለንደን ላይ የቆመው ክሪስታል ፓላስ (አዎ፣ ክለቡ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው) 563 ሜትር የሚረዝም የመስታወት ቤት ነበር። እዚያ የገባው ተክል ሳይሆን በአምስት ወር ተኩል ውስጥ 6 ሚሊዮን ጎብኚ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከመሞቅ ወደ መተንፈስ ዞረ። ፓክስተን ግድግዳው ላይ በገመድ የሚከፈቱና የሚዘጉ የብረት ፍርግርጎች ደረደረ፣ የወለሉን ሳንቃ በመሃሉ ክፍተት ተወለት፣ ጣሪያውን በሸራ አለበሰው። ማጥላት፣ ከታች ማስገባት፣ ከላይ ማስወጣት። ዛሬም ከዚህ የተለየ አስማት የለም።

በ1949 ደግሞ ፍሪትዝ ዌንት በካሊፎርኒያ ሙቀቱም፣ እርጥበቱም፣ ብርሃኑም በየክፍሉ የሚታዘዝበት ቤተ ሙከራ ከፈተ። ቀደም ሲል ቲማቲም ቀን ሞቅ፣ ሌሊት ቀዝቀዝ ሲልለት የተሻለ ፍሬ እንደሚይዝ አሳይቶ ነበር። የዛሬዋ ጥቁር ድንኳን የዚያ ቤተ ሙከራ የልጅ ልጅ ናት።

እስቲ ሒሳቧን እንሥራ። 300 ዋት መብራት የሚበላው ኤሌክትሪክ ዞሮ ዞሮ ሙሉው ለማለት ይቻላል ሙቀት ይሆናል። ድንኳኗ ከክፍሉ በ5 ዲግሪ ብቻ እንድትበልጥ ከፈለግን በባሕር ጠለል ከፍታ በሰዓት 180 ሜትር ኩብ ያህል አየር ማስወጣት አለብን። አዲስ አበባ ላይ ግን አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ ለዚያው መብራት ወደ 240 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ቬንትሌተሩ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አምኖ የገዛ የአዲስ አበባ ልጅ እዚህ ላይ ይሸወዳል።

ጽጌረዳውና ልጅቷ

እኛ አገር ግን የመስታወት ቤት ዋናው ታሪክ ድንኳን አይደለም፣ የአበባ እርሻ ነው። ሆለታ፣ ሰበታ፣ ደብረ ዘይት፣ ዝዋይ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በላስቲክ የተሸፈኑት ረጃጅም ቤቶች እንደ ባሕር ተዘርግተዋል። በ2022 የጋዝ ዋጋ ሲንር የሆላንድ አምራቾች ምድጃቸውን ቀንሰዋል፣ እኛ ዘንድ ግን ማሞቂያው በነጻ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሏል። የእኛ ጣጣ የተገላቢጦሽ ነው። ቀን የጎኑን ላስቲክ ጠቅልሎ ሙቀቱን ማስወጣት፣ ሌሊት ደግሞ እርጥበቱ አበባው ላይ እንዳይተኛ መከላከል። ያ ካልሆነ ግራጫው ሻጋታ እምቡጡን ያበላሸዋል።

እዚያ ቤት ውስጥ የሚተነፍሰው ግን ጽጌረዳው ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች በዚያው ሙቀት፣ መድኃኒት በተረጨበት በዚያው አየር ውስጥ ይውላሉ። በአገራችን የአበባ እርሻ ሠራተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የመተንፈሻና የቆዳ ችግሮችን መዝግበዋል። ከርጭት በኋላ ቤቱ ሳይናፈስ መግባት እንደሌለበት ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። ማወቅና መስኮት መክፈት ግን ይለያያሉ፣ ሰዓት ገንዘብ ነውና።

ቄስ ሄይልስ ከሱፍ ተክል ወደ እስር ቤት ለመድረስ 25 ዓመት ፈጅቶበታል። እኛ ለአበባው የሚያስፈልገውን አየር በዲግሪና በመቶኛ እንለካለን፣ መለኪያውም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አበባዋን የምትቆርጠው ልጅ አየርስ በማን መለኪያ ነው የሚለካው?