የጳጉሜ ሂሳብ፦ የሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ለምን ይሰበሰባሉ?

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በዓመት 360 ሺህ ብር ኪራይ የሚከፍል ድርጅት አለ እንበል። ከዚህ ውስጥ የጳጉሜ ድርሻ ስንት ነው?

“ጳጉሜ ደመወዝም ኪራይም የላትም” ካላችሁ እንደ ሀገሬው መልሳችኋል። ኮምፒውተሩ ግን የሀገር ልጅ አይደለም። እሱ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው።

ይህን ጥያቄ ያመጣሁት ከሰንጋ ተራ ነው። የሂሳብ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ተሰብስበው ነበር። እኔ የድኅረ ምረቃ ጥናት ላይ ያለሁ የምህንድስና ሰው ነኝ። ስለ ሂሳብ መዝገብ ብዙም አላውቅም፤ ጓደኛዬ “ና፣ ትማርበታለህ” ስላለኝ ሄድኩ። ሠላሳ የማይሞሉ ሰዎች፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ ሻይና ዳቦ። በቃ። ስብሰባው ይሰለቻል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

ቦታው ራሱ ታሪክ አለው። ስሙ እንደሚነግራችሁ ሰፈሩ የሰንጋ መገበያያ ነበር። ዛሬ “ኮሜርስ” የምንለው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተቋቁሞ ለሀገሪቱ የሂሳብ መዝገብ ያዦችንና ጸሐፊዎችን ሲያወጣ የኖረው እዚሁ ሰፈር ነው። አሁን ደግሞ የንብ፣ የሕብረትና የዘመን ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች እዚያው ቆመዋል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃም ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከሰንጋ ወደ ብር ማለት ነው። ሂሳብ ግን ያኔም ነበር፣ አሁንም አለ።

ወደ ስብሰባው እንመለስ። አንዲት ወጣት የሂሳብ ሠራተኛ እጇን አወጣች። ሥራ ከጀመረች ገና ጥቂት ወሯ ነው። የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት ሪፖርት ስታቀርብ የኪራይ ወጪው ካለፈው ዓመት ከ20 ሺህ ብር በላይ በልጦ ተገኘ። አለቃዋ “ይህ ብር የት ገባ?” አሏት። ኪራይ አልጨመረም፣ ደረሰኙም ያው ነው። መልስ አልነበራትም። ሰው ብር ጠፋ ሲል ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ወዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ብሩ የት ገባ? አብረን እናስላው።

የሀገራችን የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ ጳጉሜ የምትውለው በዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ሩብ ውስጥ፣ በነሐሴና በመስከረም መካከል ነው። ልጅቷ ሶፍትዌሩን ስታዘጋጅ “ዓመታችን 13 ወር ነው” ብላ 13 የሂሳብ ጊዜ ሰጠችው። ሶፍትዌሩም ታዘዘ፦ 360,000ን ለ13 አካፈለና ለእያንዳንዱ 27,692 ብር መደበ። አምስት ቀን ያላት ጳጉሜም እንደ ሌሎቹ እኩል ተሸከመች። በቀን ሲታይ መስከረም ላይ 923 ብር፣ ጳጉሜ ላይ ግን 5,538 ብር! ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜና መስከረም ሲደመሩ 110,769 ብር ይሆናሉ። በ12 ቢካፈል ኖሮ ሩብ ዓመቱ 90,000 ነበር። ልዩነቱ 20,769 ብር። የጠፋ ብር የለም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ድምሩ ያው 360 ሺህ ነው። ግን ዓመቱ እስኪያልቅ ማን ይጠብቃታል?

እዚህ ላይ የገረመኝን ልንገራችሁ። እንደ ፒችትሪ ያሉ የአሜሪካ ሶፍትዌሮች 13 የሂሳብ ጊዜ መክፈት የሚፈቅዱት ስለ ጳጉሜ ሰምተው አይደለም። ፒችትሪ እ.ኤ.አ. በ1978 አትላንታ ውስጥ ከተቋቋመ ኩባንያ የወጣ ነው። በውጭው ዓለም ብዙ ድርጅቶች ዓመቱን በአራት አራት ሳምንት ይከፍሉታል፦ 13 ጊዜ 28 ቀን፣ 364 ቀን። ሁሉም ክፍል እኩል ስለሆነ ለ13 ማካፈል ትክክል ነው። የእኛ 13 ግን 12 እኩል ወንድሞችና አንዲት ትንሽ እህት ናቸው። ቁጥሩ ገጠመ፣ ትርጉሙ አልገጠመም። በምህንድስና ትምህርቴ ከተማርኩት ሁሉ እንዲህ ያለውን ስህተት የምፈራው ለዚህ ነው፤ ሲገጥም እንጂ ሲበላሽ አይታይም።

መፍትሔው ከማን መጣ መሰላችሁ? ከኋላ ከተቀመጡ አንድ ጎልማሳ። የሚሠሩት ከልጅቷ ድርጅት ጋር በሚፎካከር ቤት ነው። “የኔ ልጅ፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደርበሽ ዝጊ” አሏት። “12 ጊዜ ክፈቺ፤ ነሐሴ በፈረንጁ ከኦገስት 7 ይጀምርና ሴፕቴምበር 10 ያልቃል። ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ግን 11 አድርጊው፣ እንዳትረሺ።” እኔ ደግሞ ሐምሌ 1ስ አይንሸራተትም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አይንሸራተትም! ጳጉሜ 6 የምትጨምረውን አንድ ቀን የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 መልሶ ስለሚያስተካክለው ሐምሌ 1 እስከ 2099 ድረስ ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው። ይህ በየትኛውም የሶፍትዌር መመሪያ ውስጥ አልተጻፈም። በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

ታዲያ ተፎካካሪ ለተፎካካሪ ለምን ያስተምራል? ይህ ጥያቄ ወደ 1955 ይወስደናል።

አይቢኤም 701 የሚባለው ኮምፒውተር በዓለም ላይ የተሠራው 19 ብቻ ነበር። የገዛ ሶፍትዌር አልነበረም፤ እያንዳንዱ ድርጅት መሠረታዊውን ፕሮግራም ሳይቀር ለራሱ ይጽፍ ነበር። ያው ችግር በየቤቱ እንደገና ይፈታል። ተተኪው 704 ሲመጣ ሎሳንጀለስ አካባቢ ያሉ እንደ ሎክሂድና ኖርዝ አሜሪካን ያሉ የአውሮፕላን ሠሪዎች “ይህን ልፋት እንድገመው?” አሉ። ከራንድ የምርምር ተቋምና ከሌሎች ተጠቃሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በኦገስት 1955 ሳንታ ሞኒካ ላይ ተሰብስበው “ሼር” የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ትርጉሙ “መካፈል” ነው። በአውሮፕላን ገበያ ይፎካከራሉ፤ ፕሮግራም ግን ይለዋወጣሉ። የማኅበሩ መደበኛ መተርጎሚያ ሆኖ የተመረጠው የዩናይትድ ኤርክራፍቱ ሮይ ነት የጻፈው ነበር። በዓመቱ ደግሞ ኮምፒውተርን ለንግድ ሥራ የሚጠቀሙት “ጋይድ” የተባለ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። የሰንጋ ተራው ስብሰባ አያት ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላም ጥቅም ነበረው። አንድ ደንበኛ ብቻውን ቢያማርር አምራቹ “እሺ፣ እናያለን” ይለዋል። ሁሉም ደንበኞች ባንድ ድምፅ ሲጠይቁ ግን መስማት ግድ ነው።

እኛም ዘንድ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አዋሽ፣ ንብና ሕብረት ባንኮች የኤቲኤምና የካርድ ክፍያ ሥርዓትን ለየብቻ ከመግዛት ይልቅ “ፕሪሚየር ስዊች ሶሉሽንስ” የተባለ የጋራ ኩባንያ አቋቋሙ፤ በኋላ ሌሎች ባንኮችም ተቀላቀሉ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የሁሉም ባንኮች የሆነው ኢትስዊች ሥራ ጀመረና የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን መሥራት ቻለ። ባንኮቹ ዛሬም ለደንበኛ ይሻማሉ። መንገዱን ግን አብረው ጠረጉ። ዕቁብና ደቦ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ምኑ ይገርማል?

ልጅቷ ስብሰባው ሲያልቅ ስሌቱን በወረቀት ጽፋ ያዘች። ሰኞ ለአለቃዋ የምታሳየው ነገር አላት። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ይዤ ወጣሁ። ሶፍትዌር የሚጻፈው ሩቅ ሀገር ሊሆን ይችላል፤ የኛን ጳጉሜ የሚያውቁት ግን እዚህ ያሉ ተጠቃሚዎች ናቸው። እነሱ ካልተናገሩ ማንም አይናገርላቸውም።

ከእናንተ መካከል ነገ ሶፍትዌር የሚጽፍ ይኖራል። ኮድ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀመጡና አዳምጡ። ከዚያ 360 ሺህን ለስንት እንደምታካፍሉ ወስኑ።